ቀልቡ የተበተነ ተማሪና መካሪ ያጣ ዩኒቨርሲቲ

ባለፈው ሰኔ፣ የመውጫ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የእህቴ ልጅ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ስልክ ደወለችልኝ። ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ አንድ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ ተማሪ ነች። «ጋሼ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ላይብረሪ ነው ያለሁት። ሃምሳ ገጽ አንብቤያለሁ። አሁን ምን አነበብሽ ብትለኝ ግን አንዲት ነገር አልነግርህም» አለችኝ።

እኔም እንደ እድሜ እኩዮቼ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። «ጠንክሪ!» አልኳት።

«ከዚህ በላይ እንዴት ነው የሚጠነከረው?» ብላ መለሰችልኝ። ስላቅ አልነበረም። የምር መጠየቋ ነው። እኔም መልስ አልነበረኝም። ሕግ ተምሬ፣ ሦስት አሥርት ዓመታት ሙግት ላይ ውዬ አድሬ፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «እንዴት ነው የሚጠናው?» ብላ ስትጠይቀኝ «ጠንክሪ» ከማለት ሌላ የምላት አጣሁ።

ይህ ጽሑፍ የዚያች ሌሊት ዕዳ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሳገላብጥ ሁለት ቃላት ደጋግመው ገጠሙኝ። አንዱ «ማይንድፉልነስ» ሲሆን ሁለተኛው «ኮቺንግ» ነው። ሁለቱም በከተማችን ሆቴሎች አዳራሽ ውስጥ ከምሳና ከሰርተፊኬት ጋር ሲሸጡ የምናያቸው ናቸው። ስለዚህም ብዙዎቻችን ስንሰማቸው ፊታችንን እናዞራለን። ነገር ግን አንድ ዕቃ በደላላ እጅ ስለተገኘ ብቻ ዕቃው የተበላሸ ነው ማለት አይደለም። እስኪ ረጋ ብለን እንመርምረው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

እንደሚታወቀው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የተደበቀው ጉድ ወጥቷል። በዚያ ዓመት ፈተናውን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ይህ ማለት 3.3 በመቶ ነው። በ2017 ዓ.ም. ውጤቱ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻል ነው፤ ግን ከመቶ ዘጠና አንዱ አሁንም ከመስመሩ በታች ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ስንገባ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይጠብቀናል። የመጀመሪያው አጠቃላይ የመውጫ ፈተና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሲሰጥ ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት ያለፉት 62 በመቶ ያህል ሲሆኑ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ብቻ ናቸው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሦስት፣ አራትና አምስት ዓመት ክፍል ውስጥ የተቀመጡ፣ የየሴሚስተሩን ፈተና «አልፈዋል» ተብሎ ውጤት የተጻፈላቸው ወጣቶች ናቸው።

ስለዚህ ቁጥር ብዙ ተብሏል። የሥርዓተ ትምህርቱ፣ የመምህራኑ፣ የኩረጃው፣ የቋንቋው ጉዳይ ተነስቷል። ሁሉም እውነት አለው። አንድ ነገር ግን ሲነሳ አልሰማሁም። እነዚህ ልጆች ከአንደኛ ክፍል እስከ ምረቃ ድረስ ሂሳብ፣ ታሪክና ኬሚስትሪ ተምረዋል። መማርን ራሱን ያስተማራቸው ግን ማነው?

በተማሪው ቋንቋ «ችከላ» የሚባል ነገር አለ። ሃንድ አውቱን ይዞ፣ ደግሞ ደጋግሞ አንብቦ፣ ከስሩ አስምሮ፣ ፈተናው ዋዜማ ላይ ሌሊቱን በቡና ወይም በጫት መግፋት ነው። በዘርፉ የተሠሩ ምርምሮች ይህን መንገድ በተመለከተ የሚሉት የሚያስደነግጥ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችን፣ አንብበው ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው ያስታወሱትን ከጻፉት ጋር አወዳድረው ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የደጋገሙት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን መጽሐፉን ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት በሰፊው በለጡ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ደንሎስኪ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አሥር የአጠናን ዘዴዎችን መርምሮ ከፍተኛ ጥቅም አላቸው ያላቸው ሁለት ናቸው፤ ራስን መፈተንና ጥናትን በየቀኑ ከፋፍሎ ማካሄድ። ደጋግሞ ማንበብና ማስመር ዝቅተኛው መደብ ውስጥ ወደቁ።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ ስምንት ሰዓት ስትደክም የዋለችው ዝቅተኛ ጥቅም ባለው መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው። እኔም «ጠንክሪ» ስላት በተሳሳተ መንገድ ላይ ፍጥነት ጨምሪ ማለቴ ነበር።

ቀልብ መሰብሰብ ሲባል

ማይንድፉልነስ የሚለውን ቃል በአማርኛ «ተመስጦ» እያሉ የሚተረጉሙት አሉ። ለእኔ የሚቀርበኝ እናቶቻችን የሚሉት «ቀልብን መሰብሰብ» ነው። ሐሳብ ሲሸሽ ሸሸ ብሎ ማወቅ፣ ራስን ሳይራገሙ መልሶ ማምጣት፣ ሲሸሽ እንደገና መመለስ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። መነሻው ከሩቅ ምሥራቅ የጸሎት ልማድ ቢሆንም፣ ጆን ካባት ዚን የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ውስጥ የስምንት ሳምንት ሥልጠና አድርጎ ሲቀርጸው ከሃይማኖት ለይቶ ለሕመምተኞች እንዲሆን አድርጎ ነው።

ለተማሪ ይጠቅማል ወይ? እኛ የሕግ ሰዎች «የማስረዳት ሸክም» የምንለው ነገር አለ። ይጠቅማል የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። ማስረጃውም ሁለት ዓይነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የሚደግፈውን እናስቀድም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 616 ተማሪዎቻቸውን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለአንደኛው ቡድን ከመደበኛው የምክር አገልግሎት በተጨማሪ የስምንት ሳምንት የቀልብ ማሰባሰብ ሥልጠና ሰጡ። ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ ላይ በወጣው ውጤት መሠረት በፈተና ሰሞን ሥልጠናውን ካላገኙት መካከል 57 በመቶ ያህሉ ከአሳሳቢው የጭንቀት መጠን በላይ ሲገኙ ከሠለጠኑት ግን 37 በመቶ ነበሩ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ 48 ተማሪዎችን ብቻ ያካተተ አነስተኛ ጥናት፣ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ንባብን የመረዳት ውጤትን እንዳሻሻለና የሐሳብ መባዘንን እንደቀነሰ አሳይቷል።

አሁን ተቃራኒውን እንስማ። በእንግሊዝ አገር 85 ትምህርት ቤቶችንና ከ8,000 በላይ ታዳጊዎችን ያካተተ ትልቅ ጥናት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ ሲወጣ፣ በክፍል መምህራን አማካይነት ለሁሉም ልጅ በጅምላ የተሰጠው ሥልጠና ቀድሞ ከነበረው ትምህርት የተሻለ ነገር አላመጣም። የካምብሪጁም ጥናት ቢሆን ዋና መለኪያው ጭንቀት እንጂ የትምህርት ውጤት አልነበረም። በሌላ በኩል ከባድ የሥነ ልቦና ቁስል ያለበት ሰው ያለ ባለሙያ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጡ እንዲመለከት ቢደረግ ሊብስበት እንደሚችል ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። ይህን ማስጠንቀቂያ ጦርነትና ግጭት ካለፈበት አካባቢ ለሚመጣው ተማሪያችን ስናስበው ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ፍርዱ ምንድነው? ፈልጎ ለመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ፣ የፈተናን ጭንቀት ለማቅለል ቀልብ መሰብሰብ የሚረዳ መሣሪያ ነው። በጅምላ ታዝዞ ሲሰጥ ግን ትርፉ ብዙም አይታይም። መድኃኒት ነው ብሎ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ የሚሸጠው ሰው ከማስረጃው በላይ እየተናገረ ነው።

ኮቺንግ ምክር አይደለም

ኮቺንግ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው መድረክ ላይ ቆሞ «ትችላላችሁ!» እያለ የሚያስጨበጭብ ተናጋሪ ነው። እኔ የማወራው ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ከአንድ ተማሪ ጋር በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ተቀምጦ አራት ጥያቄ ይጠይቀዋል። ያለፈው ሳምንት ዕቅድህ ምን ነበር? ምን ያህሉን ሠራህ? ያልሠራኸውን ምን አስቀረው? ለሚቀጥለው ሳምንት ምን ትቀይራለህ? ትምህርቱን አያስጠናውም፤ ከዚያ ይልቅ ተማሪው ራሱን እንዲያይ መስታወት ይይዝለታል።

በዚህ ላይ ያለው ማስረጃ ከመጀመሪያው የጠነከረ ነው። ቤቲንገርና ቤከር የተባሉ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በስምንት የአሜሪካ ኮሌጆች ከ13,500 በላይ ተማሪዎችን የመረመረ ጥናት አካሂደዋል። በዕጣ የተመረጡት ኮች ተመደበላቸው። ግንኙነቱ በአብዛኛው በስልክ ነበር። ኮች የነበራቸው ተማሪዎች ከዓመት በኋላ ትምህርታቸው ላይ የመገኘት ዕድላቸው ካልነበራቸው በአምስት ነጥብ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ልዩነቱ ኮቺንጉ ካቆመ በኋላም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። አምስት ነጥብ ትንሽ ይመስላል፤ በአገራችን ልክ ስናሰላው ግን ከመቶ ሺህ ተማሪ አምስት ሺህ ማለት ነው።

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ሙከራ ደግሞ ለእኛ የተለየ ትምህርት አለው። ተመራማሪዎቹ ለተወሰኑ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሰው መደቡላቸው፤ ለሌሎቹ በኢንተርኔት የሚሠራ መልመጃና በስልክ የሚላክ የማበረታቻ መልእክት ሰጧቸው። ሰው የተመደበላቸው ውጤታቸው በግልጽ ተሻሻለ። መልእክት የተላከላቸው ግን ምንም ለውጥ አላሳዩም። «አፕ እንሥራለት» የሚለው የዘመኑ መፍትሔያችን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ሰውን የሚያነሳው ሰው ነው።

ሦስተኛው የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ፕሮግራም ነው። ለድሀ ቤተሰብ ልጆች አንድ አማካሪ ለ60 እስከ 80 ተማሪዎች መድቦ፣ የትራንስፖርትና የመጽሐፍ ድጋፍ ጨምሮ፣ ሙሉ ሰዓት እንዲማሩ ግዴታ አስገባቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ የተመረቁት 40 በመቶ ሲደርሱ ፕሮግራሙን ካላገኙት መካከል የተመረቁት 22 በመቶ ነበሩ። እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። ይህን ያመጣው ምክር ብቻ አይደለም። ምክሩ ከትራንስፖርቱና ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ስለመጣ ነው የሠራው።

ከቅኔ ቤት እስከ አንድ ለአምስት

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ለብቻው ዛፍ ሥር ወይም ዱር ገብቶ፣ ከሰው ተለይቶ ቅኔውን ይቆጥራል። ሐሳቡ የባዘነ ተማሪ ቅኔ አይሞላለትም። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል፤ ይታረማል። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። የቃል ትምህርቱም መጽሐፍ ዘግቶ በቃል ማውጣት ነው። በወሎ የደረሳው ትምህርትም ቢሆን ሼኹ ፊት ቀርቦ ያጠኑትን መመለስ አለበት። ቀልብ መሰብሰብ፣ ራስን መፈተን፣ አንድ ለአንድ መታረም፣ የቀደመ የተከተለውን መደገፍ፤ ሦስቱም አራቱም እዚህ ነበሩ። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከዚያ ሥርዓት የወረሰው መሸምደዱን ብቻ ሲሆን መምህሩን ደጃፍ ላይ ትቶት ገባ።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልበል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሊያባርረኝ ጥቂት ነበር የቀረው። ያዳነኝ የአራተኛ ዓመት ተማሪ የነበረ የዶርም ጎረቤቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ደረጃ ላይ ተቀምጠን «የሳምንቱን አንቀጽ መጽሐፍ ሳትገልጥ አስረዳኝ» ይለኝ ነበር። ስደናቀፍ አይስቅም፤ «ይቺን አልያዝካትም፤ ሰኞ ተመለስባት» ይለኛል። እሱ ኮች የሚለውን ቃል የሚያውቀው ከእግር ኳስ ብቻ ነው። ዛሬ ሳስበው ግን ያ ደረጃ የተማርኩበት ምርጥ ክፍል ነበር። የሚያሳዝነው ያንን ያገኘሁት በዕድል መሆኑ ነው። ዶርሜ በአንድ ፎቅ ቢለያይ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ሰው አልሆንም ነበር ይሆናል።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን ዕድል ወደ ሥርዓት ለመለወጥ አልሞከሩም ማለት አይደለም። በቀደመው መንግሥት ዘመን «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት በየግቢው ነበር። ጎበዙ ተማሪ ደካሞቹን ይረዳል ተብሎ የታሰበ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ሐሳቡ ከቅኔ ቤቱ ቅጸላ ብዙም አይርቅም። ታዲያ ለምን ተማሪው ጠላው? ምክንያቱም ድጋፉና ክትትሉ አንድ ላይ ተቋጠሩ። መሪው የአጥኚነቱን ያህል የሪፖርት አቅራቢ ሆኖ ታየ። ተማሪው የከበደውን ለመናገር የሚያስፈልገውን እምነት አጣ። እምነት የሌለበት ኮቺንግ ደግሞ ምርመራ ነው የሚሆነው።

ይህን የማነሳው የሞተ ነገር ለመውቀስ አይደለም። ነገ «ብሔራዊ የኮቺንግ ንቅናቄ» የሚል ነገር በሰርኩላር ወርዶ፣ ቅጽ ተሞልቶ፣ መቶ በመቶ ተሳክቷል ተብሎ ሪፖርት እንዳይደረግ ስለምፈራ ነው።

«በባዶ ሆድ ምን ተመስጦ አለ?»

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ነገሩን ሳወራው ሳቀብኝ። «ተማሪው የካፌው ምግብ ሆዱን አይሞላውም፤ አልጋ አጥቶ መሬት ላይ የሚተኛ አለ፤ ቤተሰቡ የተፈናቀለ አለ። አንተ ትንፋሽህን ቁጠር ትለዋለህ። እኔስ? ደመወዜ ከወር ወር አያደርሰኝም። ኮች ሁን ትለኛለህ?» አለኝ።

ትክክል ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን አልረሳንም። በ2012 ዓ.ም. በየግቢው በተነሱ ግጭቶች ተማሪዎች መሞታቸውንም አልረሳንም። ቀልብን የሚበትነው ስልክ ብቻ ሳይሆን ፍርሃትና ረሃብም ነው። የተበደለውን ሰው «በደሉን ተረጋግተህ ተቀበለው» ለማለት የሚውል ማይንድፉልነስ ካለ፣ ያ ትምህርት ሳይሆን ማደንዘዣ ነው። ተቋሙ ያላሟላውን ነገር በተማሪው ጥረት ማነስ ማላከክም አይፈቀድም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ሁሉም እስኪሟላ ምንም አይደረግ» ማለት ሌላ ስህተት ነው። የኒውዮርኩ ፕሮግራም ያስተማረን ይህንኑ ነው። የአውቶቡስ ትኬቱና አማካሪው ተፎካካሪ አይደሉም። ደግሞም የደሀው ልጅ ነው ይበልጥ የሚጎዳው። የሀብታሙ ልጅ አስጠኚ ይቀጠርለታል፤ የተማረ አባት አለው፤ ቢወድቅ ወደ ሌላ ይዞራል። ከገጠር የመጣው፣ በቤተሰቡ የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ግን የሚጠይቀው ሰው የለውም። መማርን የማያስተምር ዩኒቨርሲቲ የሚያዳላው ቀድሞ ለሚያውቁት ነው።

ምን ይደረግ?

ይህ ጸሐፊ የትምህርት ባለሙያ አይደለም። ነገር ግን ከላይ ከቀረበው ማስረጃ የሚከተሉ አራት ነገሮችን ለማለት ባለሙያ መሆን የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

አንደኛ፣ ጊዜው የመጀመሪያው ሴሚስተር ይሁን። የመውጫ ፈተና ሲደርስ የሚሰጥ ማጠናከሪያ ቤት ከተቃጠለ በኋላ ውኃ እንደመቅዳት ነው። በ2012 ዓ.ም. እንደገና በተጀመረው የፍሬሽማን ፕሮግራም ውስጥ የሥነ ልቦና ኮርስ አለ። የአጠናን ዘዴን በዚያ ኮርስ በሃንድ አውት አስሸምድዶ በምርጫ ጥያቄ ከመፈተን፣ ተማሪው በሌሎቹ ኮርሶቹ ላይ እንዲሠራበት ማድረግ ይቻላል። መጽሐፍ ዘግቶ መጻፍን ለማስተማር ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ሰው ይመደብ። ስሌቱን አብረን እንሥራ። አንድ ዩኒቨርሲቲ 2,000 አዲስ ተማሪ ተቀበለ እንበል። ለአንድ ደጋፊ 20 ተማሪ ቢደርሰው 100 ደጋፊ ይበቃል። እያንዳንዱን ተማሪ በየሁለት ሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት ቢያገኘው በሳምንት የሚጠፋበት አምስት ሰዓት ነው። ይህ በመምህራን ላይ በነፃ የሚጫን ሸክም መሆን የለበትም። ተመራቂ ተማሪዎች፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች፣ ጥቂት ሥልጠናና መጠነኛ አበል ተሰጥቷቸው ሊሠሩት ይችላሉ። እኔን ያዳነኝ ፕሮፌሰር አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ምስጢር ይጠበቅ። ተማሪው ለደጋፊው የነገረው ነገር ለዲኑም፣ ለዲሲፕሊን ኮሚቴውም፣ ለጸጥታ ክፍሉም የማይደርስ መሆኑ በተቋሙ ደንብ ላይ በጽሑፍ ይስፈር። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች። አዋጅ ብቻውን ግን ዶርም ድረስ አይገባም። የሚጥሰው ሰው ምን እንደሚጠብቀው ተማሪው ማወቅ አለበት። የሕይወት አደጋ ያለበት ጉዳይ ብቻ ለሕክምና ባለሙያ የሚተላለፍበት ግልጽ መንገድ ይኑር። ደጋፊው የሥነ ልቦና ሐኪም አይደለምና ድንበሩን ይወቅ። ቀልብ የማሰባሰብ ልምምዱም በፈቃደኝነት፣ ለሚፈልግ ብቻ፣ የማንንም እምነት ሳይነካ ይሰጥ። ጸሎቱና ሶላቱ የሚበቃው ተማሪ አይገደድ።

አራተኛ፣ ይለካ። በአርባ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ቀን አይጀመር። በሁለት ወይም በሦስት ቦታ፣ ተማሪዎችን በዕጣ ከፍሎ፣ ደጋፊ ያገኙትና ያላገኙት ከዓመት በኋላ ምን ላይ እንደደረሱ ይታይ። ካልሠራ «አልሠራም» ተብሎ ይነገረን። ለሙከራ ብሎ ጀምሮ ውድቀትን በይፋ ያመነ የትምህርት ፕሮግራም በዚህ አገር ሲገጥመኝ በጋዜጣ ዓምዴ ላይ በደስታ አወድሰዋለሁ።

በመጨረሻም

የእህቴን ልጅ «ጠንክሪ» ብዬ ስልኩን ከዘጋሁ ከሁለት ቀን በኋላ መልሼ ደወልኩላት። ያ የዶርም ጎረቤቴ ትዝ ብሎኝ ነበር። «ነገ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። አንድ ምዕራፍ ሃንድ አውቱን ሳትገልጪ ታስረጂኛለሽ። ስልክሽ እስከዚያ ዶርም ይቀመጥ» አልኳት። ስለ አካውንቲንግ የማውቀው ነገር የለም። ባለማወቄ «ይህ ምን ማለት ነው?» ማለት ቀላል ሆነልኝ። በመጀመሪያው ማታ ሦስት ደቂቃ ተናግራ ዝም አለች። አለቀሰችም። «ይህን ሁሉ ዓመት የማውቅ ይመስለኝ ነበር» አለች። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ግን እኔ እስክደክም ድረስ ታስረዳኝ ጀመር።

ፈተናውን አልፋለች። ያለፈችው በእኔ ስልክ ነው ብዬ አልከራከርም፤ አንድ ምስክር ለማስረጃ አይበቃም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ላይብረሪ ውስጥ በዚያ ሌሊት አብረዋት ሃንድ አውት ላይ ያፈጠጡ ብዙ ልጆች ነበሩ። የሚደውሉለት አጎት ያላቸው ስንቶቹ ናቸው?

ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር አጎት ለሌለው ልጅ ጭምር መሆን ነበረበት።